የ18 ዓመቱ ሾርትስቶፕ ከየትኛው ደረጃ ይጀምር?

ጥያቄው፦ «ልጄ 18 ዓመቱ ነው። ባለፈው ጁላይ ከሃይስኩል እንደጨረሰ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) ተመርጦ ፈረመ። የሚጫወተው ሾርትስቶፕ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው ተከላካይ። ሃይስኩል እያለ ከመቶ ሙከራ 45 ያህሉን ይመታ ነበር። በመጸው ወራት ፍሎሪዳ ባለው የክለቡ ካምፕ ቆይቶ መጣ። እዚያ እንጨት ባት (የመምቻ ዱላ) እና ስላይደር የሚባለው ኳስ አስቸገሩኝ ብሎናል። አሁን ክለቡ በኤፕሪል እዚያው ፍሎሪዳ አቆይቶ ከሜይ ጀምሮ በታችኛው ሊግ እንደሚያጫውተው ነገረን። እኛ የጠበቅነው ሲንግል-ኤ ነበር። የሲንግል-ኤው ቡድን ከቤታችን በመኪና ሦስት ሰዓት ነው፤ እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ይዛ ልትሄድለት ትችላለች። ከእሱ በኋላ የተመረጠ አንድ የኮሌጅ ልጅ ግን ኦገስት ላይ ቀጥታ ሲንግል-ኤ ገብቷል። ልጃችንን ንቀውት ነው? ኤጀንቱን ይዘን እንከራከር? ወይስ መጀመሪያውኑ ኮሌጅ ቢገባ ይሻል ነበር?» — አንድ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። የኮሌጅ ቤዝቦል ነገር አብቅቷል። ፕሮፌሽናል ውል የፈረመ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ቡድን ቤዝቦል መጫወት አይችልም። ትምህርቱ ግን አላበቃም። ብዙ የሃይስኩል ልጆች ሲፈርሙ ክለቡ ወደፊት የኮሌጅ ወጪ እንዲሸፍን ውሉ ላይ ይጻፋል። ውሉን አውጥተው ይህ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ካለ ቀነ ገደብ እንዳለው ይወቁ። ልጁ መጫወት ካቆመ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመረ መብቱ ይቃጠላል። ይህንን ረስተው ገንዘቡ የቀረባቸው ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጅዎ የት እንደሚጀምር የሚወስነው ክለቡ ነው። እናንተም ኤጀንቱም አትወስኑም። ቤተሰብ አቅም የሚኖረው ከመፈረሙ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን የሚደራደረው ስለ ቦነሱና ስለ ትምህርት ወጪው ነው፤ ስለ ደረጃው አይደለም። ስለዚህ «እንከራከር?» የሚለውን ጥያቄ «ምን እንጠይቅ?» በሚለው ቢተኩት ይሻላል። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እዚህ አገር እየኖሩም ቤዝቦልን ለማያዘወትሩ አንባቢዎች መሰላሉን ባጭሩ ላስረዳ። በእግር ኳስ ተስፋ የተጣለበት ልጅ ከአካዳሚ ይወጣል፣ በውሰት ሌላ ክለብ ይሄዳል፣ አንዳንዴ በ17 ዓመቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ይታያል። ቤዝቦል እንዲህ አይደለም። 30ዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሥራቸው አራት ቡድን አላቸው። ከላይ ወደ ታች ትሪፕል-ኤ፣ ደብል-ኤ፣ ሃይ-ኤ እና ሲንግል-ኤ ይባላሉ። በድምሩ 120 ቡድን ነው። ከእነዚህ በታች ደግሞ በፍሎሪዳና በአሪዞና፣ በክለቦቹ የልምምድ ካምፕ ውስጥ የሚካሄዱ «ኮምፕሌክስ ሊግ» የሚባሉ ውድድሮች አሉ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥም አንድ አለ። ክለቡ ለልጅዎ ያሰበው የፍሎሪዳውን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ለውጥ አለ። እስከ 2020 ድረስ በኮምፕሌክስና በሲንግል-ኤ መሃል ሌሎች ሊጎች ነበሩ። ጁን ላይ የሚጀምሩ፣ ሴፕቴምበር መጀመሪያ የሚያልቁ፣ አዲስ ለተመረጡ ልጆች የሚሆኑ አጫጭር ውድድሮች ነበሩ። ኬን ግሪፊ ጁኒየር በ1987 በ17 ዓመቱ ከሁሉም በፊት አንደኛ ሆኖ ሲመረጥ የጀመረው እንዲህ ባለ ሊግ ነው፤ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ቤሊንግሃም በምትባል ከተማ። በ2021 ሜጀር ሊግ አደረጃጀቱን ሲቀይር እነዚህ ሊጎች ከመሰላሉ ወጡ። ስለዚህ ዛሬ ከኮምፕሌክስ ወደ ሲንግል-ኤ ያለው እርምጃ ከድሮው ይረዝማል። ክለቦች የሃይስኩል ልጅ ላይ ጠንቀቅ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ንቀት የሚባል ነገር የለበትም።

የኮሌጁ ልጅ ጉዳይ እንቅልፍ የነሳዎት ይመስለኛል። ሁለቱ አይወዳደሩም። አራት ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ የገባ ተጫዋች በደንቡ ሦስተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ወይም 21 ሳይሞላው ለድራፍት አይቀርብም። ያ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰዓት 92 እና 95 ማይል ሲወረወርበት ኖሯል። እንደ ኬፕ ኮድ ባሉ የሰመር ሊጎች የሚጫወቱት ደግሞ የሚመቱት በእንጨት ባት ነው። የእርስዎ ልጅ እስከ ባለፈው ሜይ ድረስ በብረት ባት ነው የመታው። የብረት ባት ስህተትን ይሸፍናል። ኳሷ እጀታው አጠገብ ብትነካው እንኳ ከተከላካዮቹ ራስ በላይ ታልፋለች። በእንጨት ሲሆን ያቺው ኳስ ባቱን ሰብራ ኳስ ወርዋሪው (ፒቸሩ) እግር ሥር ትወድቃለች። ሃይስኩል ላይ ከመቶ 45 መምታቱን እርሱት። ያ ቁጥር ለክለቡ ተጫዋች መልማዮች (ስካውቶች) ብዙ ትርጉም አልነበረውም። የመረጡት እጁን፣ እግሩንና ፍጥነቱን አይተው ነው።

ሌላው ልዩነት የጊዜ ሰሌዳው ነው። ድራፍቱ ጁላይ አጋማሽ አካባቢ ነው። ከ2024 ጀምሮ የኮምፕሌክስ ሊጉ ሜይ መጀመሪያ ጀምሮ ጁላይ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ልጅዎ ውሉን ፈርሞ፣ ሕክምና ተመርምሮ፣ ፍሎሪዳ ሲደርስ ውድድሩ አልቋል። የሲንግል-ኤ ውድድር ግን እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ይቀጥላል። በኦገስት ጨዋታ ያለው እዚያ ስለሆነ የኮሌጁን ልጅ እዚያ ላኩት። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

በዚያ ላይ ክለቡን የሚያጣድፈው ሰዓት ለሁለቱ አንድ አይደለም። በ18 ዓመቱ የፈረመን ልጅ ክለቡ 40 ሰው በሚይዘው ዋና ዝርዝሩ ውስጥ ሳያስገባ አምስት የውድድር ዓመት ማቆየት ይችላል። በ19 ወይም ከዚያ በላይ ለፈረመ አራት ዓመት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ሌላ ክለብ ሊወስደው ይችላል። ልጅዎ ከኮሌጁ ልጅ በላይ አንድ ዓመት ትርፍ አለው። ይህ ትርፍ ቸኩሎ የሚጠፋ ሳይሆን በደንብ የሚሠራበት ነው።

ደረጃ የሚመረጠው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። ብዙ ወላጅ ደረጃን እንደ ማዕረግ ያየዋል። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ወሬው አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ልጁ ወደ ታች ወረደ አሉ» ይባላል። ለክለቡ ግን ደረጃ የሥራ ቦታ ነው። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ልጅ በዚህ ዓመት ምን መማር አለበት? ያንን እየተማረ በየቀኑ መጫወት የሚችለውስ የት ነው? ትክክለኛው ደረጃ ልጁ የሚሸነፍበት፣ ግን ለምን እንደተሸነፈ የሚገባውና የሚያርምበት ነው። በጣም ቀላል ከሆነ ክፍተቱ አይታይም። በጣም ከባድ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱን ማረም ትቶ እንዴት ልትረፍ ማለት ይጀምራል። የቆመበትን ይቀይራል፣ ቀድሞ ይወነጭፋል፣ በየሳምንቱ ሌላ ሰው ይሆናል። መጥፎ ልማድ የሚገባው ያኔ ነው።

ልጅዎ ራሱ ስላይደር አስቸገረኝ ብሎ ነግሮዎታል። ትልቁ መረጃ ይህ ነው፤ ግን ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ሲንግል-ኤ ላይ ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ላሳይዎት። እዚያ ቡድኖች በሳምንት ስድስት ጨዋታ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ያደርጋሉ። ከማክሰኞ እስከ እሑድ ማለት ነው፤ ሰኞ እረፍት ነው። ማክሰኞ ማታ የመጀመሪያው ፒቸር አንድ ስላይደር ይወረውርበታል። ኳሷ መሃል የምትመጣ ትመስልና መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ታጥፋ ትወርዳለች። ልጁ ፊት ለፊት ያለውን ትከሻውን ቀድሞ ይከፍትና አየር ይመታል። ይህ በቪዲዮ ተቀርጿል። ረቡዕ ጠዋት የተጋጣሚው ፒቸሮች በሙሉ አይተውታል። ከረቡዕ እስከ እሑድ ሌላ ኳስ አያይም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቡድን፣ ያው ቪዲዮ። ውድድሩ 132 ጨዋታ ነው፤ ኤፕሪል ተጀምሮ ሴፕቴምበር ያልቃል። በየሁለተኛው ሳምንት አውቶቡስ አለ። የካሮላይና ሊግ ከሆነ ከቨርጂኒያ ተነስቶ እስከ ኦገስታ ጆርጂያ ድረስ ይኬዳል። ቁጭ ብሎ ትከሻውን የሚያርምለት ጊዜ የለም። ጨዋታው በየቀኑ ይመጣል።

ኮምፕሌክሱስ? ሥፍራውን ስላላዩት «ታች» መስሎ ነው የሚታይዎት። ቀኑ የሚጀምረው ገና ሲነጋ ነው። ቁርስ፣ ክብደት ማንሳት፣ መረቡ ውስጥ መምታት፣ ከዚያ ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ መያዝ። ጨዋታው እኩለ ቀን አካባቢ ከዋናው ስታዲየም ጀርባ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ትኬት የለም፣ ሙዚቃ የለም። አጥሩ ሥር ሁለት ሦስት ስካውት የፍጥነት መለኪያ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዲት እናት ጃንጥላ ዘርግታ ታያለች። ከጓደኞቹ ብዙዎቹ ከዶሚኒካንና ከቬኔዝዌላ የመጡ 18 እና 19 ዓመት ልጆች ናቸው። ሾርትስቶፕ ሆኖ «ዮ ላ ቴንጎ» ብሎ ካልጮኸ ከሁለተኛው ቤዝ ተጫዋች ጋር ይጋጫል። «እኔ ይዣታለሁ» ማለት ነው፤ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። ፀሐዩ ግን ከባድ ነው። ጁን ላይ የፍሎሪዳ እኩለ ቀን ያደክማል።

ዋናው ነገር እዚህ ቦታ የአሰልጣኞቹ ብዛትና ጊዜያቸው ነው። የክለቡ የመምቻ፣ የመከላከልና የምግብ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። ጠዋት መቶ ስላይደር ከማሽን አይቶ እኩለ ቀን ላይ ጨዋታ ውስጥ ይሞክረዋል። ካልሠራለት ከሰዓት በኋላ ቪዲዮውን ያያል። ማንም አይጮህበትም፣ ማንም ውጤቱን አይቆጥርም። ሰዎች «ፍሎሪዳ ከቆየ ይረሱታል» የሚሉት ነገር የተገለበጠ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ክለቡ አጠገቡ የሚሆነው እዚያ ነው።

ይህን ስል የኮምፕሌክስ ሊግን እያሞገስኩ አይደለም። ጉድለት አለው። ፒቸሮቹ ኃይል አላቸው፤ የት እንደሚወረውሩ ግን ሁሌ አያውቁም። ዝም ብሎ የቆመ ልጅ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል፤ ይህ ትዕግሥት መስሎ ሊያታልል ይችላል። ጨዋታው ወደ 60 ገደማ ብቻ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ እዚያ ከሚገባው በላይ ከቆየ መማሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ፍሎሪዳ ትክክል የሚሆነው መውጫው ከታወቀ ብቻ ነው።

ታሪክ ምን ይላል? የኒው ዮርክ ያንኪሱን ኮከብ ዴሪክ ጂተርን ያውቁታል። በ1992 ስድስተኛ ሆኖ ተመርጦ፣ በ18 ዓመቱ ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በዚያን ጊዜው የታችኛው ሊግ ጀመረ። ከመቶ ሙከራ 20 ያህል ብቻ ነበር የመታው። ማታ ማታ ቤት እየደወለ ያለቅስ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በሚቀጥለው ዓመት ግሪንስቦሮ፣ ኖርዝ ካሮላይና ላይ በ126 ጨዋታ 56 ጊዜ ኳስ አበላሸ። ሾርትስቶፕ ነው፤ ልክ እንደ ልጅዎ። ክለቡ ግን አላባረረውም፣ ቦታውንም አልቀየረበትም። በዚያ መጸው ፍሎሪዳ መልሶ ወሰደውና እጁ ተጎድቶ መምታት ስላልቻለ ከአሰልጣኝ ብራያን ባተርፊልድ ጋር ኳስ መያዝ ብቻ ሲለማመድ ከረመ። በ1994 በአንድ ዓመት ሦስት ደረጃ ወጣ። በ1996 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ታምፓ መጀመሩ አልጎዳውም።

ከእናንተ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ያደገውን ጄምስ ውድንም ይመልከቱ። የሜሪላንድ ልጅ ነው። በ2021 በሳን ዲዬጎ ሲመረጥ የጀመረው አሪዞና ኮምፕሌክስ ነው። በ2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲንግል-ኤ ተጫወተ። በዚያው ኦገስት በኮከቡ ኋን ሶቶ ዝውውር ወደ ዋሽንግተን መጣና የክለቡ ሲንግል-ኤ ቡድን ፍሬድሪክስበርግ ገባ። በ2023 ዊልሚንግተን (ሃይ-ኤ) እና ሃሪስበርግ (ደብል-ኤ)፣ በ2024 ሮቸስተር (ትሪፕል-ኤ)፤ ጁላይ 1 ቀን 2024 ዋሽንግተን ሜዳ ላይ ነበር። ከድራፍቱ ሦስት ዓመት ገደማ። እርስዎ የሚፈልጉት ይህ መንገድ ከሆነ የሚጀምረው ኮምፕሌክስ ላይ ነው።

ተቃራኒው ምሳሌም አለ፤ ልደብቅዎት አልችልም። ጃክሰን ሆሊዴይ በ2022 ከሃይስኩል አንደኛ ሆኖ በባልቲሞር ተመረጠ። ፍሎሪዳ ላይ ጥቂት ጨዋታ ብቻ አድርጎ በዚያው ሰመር ሲንግል-ኤ ገባ። በ2023 በአንድ ዓመት አራት ደረጃ ወጣ። ከሜሪላንዱ ዴልማርቫ ተነስቶ በአበርዲንና በቦዊ አልፎ ቨርጂኒያ ኖርፎክ ደረሰ። ግን ልብ ይበሉ። አባቱ ማት ሆሊዴይ ሜጀር ሊግ የተጫወተ ነው፤ ልጁ ያደገው መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። ሲንግል-ኤ ላይም መጥፎ ኳስ ትቶ ጥሩውን የሚመታ ዓይን ነበረው። እሱም ቢሆን ኤፕሪል 2024 ሜጀር ሊግ ሲገባ በ34 ሙከራ 2 ጊዜ ብቻ መትቶ 18 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ወጣ)። ከ10 ጨዋታ በኋላ ወደ ኖርፎክ መለሱት። ጁላይ መጨረሻ ተመልሶ መጥቶ ቦታውን ያዘ። ፈጣኑም መንገድ መመለስ አለበት።

በ2022 በዋሽንግተን አምስተኛ የተመረጠው ኤላይጃ ግሪን ደግሞ ከሃይስኩል ወጥቶ በ2023 ሲዝኑን ፍሬድሪክስበርግ ሲንግል-ኤ ላይ ከፈተ። ጉልበቱን ሁሉም ይመሰክርለታል። ስትራይክ አውቱ ግን በዛበት። በ2024ም እዚያው ፍሬድሪክስበርግ ነበር። ዝቅ ብሎ ቢጀምር ይድን ነበር ማለት አይቻልም፤ ማንም ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም። ነገር ግን «ሲንግል-ኤ መጀመር» በራሱ ምንም እንደማይገዛ ያሳያል።

የችኮላ ምሳሌ ከተፈለገ ከዴቪድ ክላይድ የሚበልጥ የለም። ይህ የ1973 ነገር ነው። የ18 ዓመት ፒቸር ነበር፤ ቴክሳስ ሬንጀርስ አንደኛ አድርጎ መረጠውና ማይነር ሊግ (ከሜጀር ሊግ በታች ያሉት ደረጃዎች) ሳያሳልፈው ቀጥታ ሜጀር ሊግ አወጣው። ቡድኑ ተመልካች አልነበረውም፤ ባለቤቱ ቦብ ሾርት ስታዲየሙ እንዲሞላለት ፈለገ። ጁን 27 ሞላ። ከ35 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ልጁ መጀመሪያ የገጠሙትን ሁለቱን በነፃ አሳለፈ፣ ከዚያ ሦስቱን ተከታትሎ ስትራይክ አውት አደረገ። ጨዋታውን አሸነፈ። ሁለት ጨዋታ አድርጎ ወደ ማይነር ሊግ ይወርዳል ተብሎ ነበር፤ ትኬት ሲሸጥ ግን እዚያው አስቀሩት። በ1979 ሜጀር ሊግን ሲሰናበት 18 አሸንፎ 33 ተሸንፎ ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ክለብ የለም። የለም ማለት ግን ቤተሰብ አይቸኩልም ማለት አይደለም።

(ልጅዎ ፒቸር ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ለፒቸር ከደረጃው ይልቅ በዓመት ስንት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ይወረውራል የሚለው ይቀድማል፤ ክርን አንዴ ከተቀደደ ዓመት ይበላል።)

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ልዩነት አለ ግን ትንሽ ነው። በ2023 ማይነር ሊግ ተጫዋቾች በማኅበራቸው በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረሙት ስምምነት የኮምፕሌክስ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 19,800 ዶላር ሆነ፤ የሲንግል-ኤ 26,200። መኖሪያ ክለቡ ይሰጣል። ቦነስ የተቀበለ ልጅ በዚህች ልዩነት ሕይወቱ አይቀየርም። ለማንኛውም ያንን ቦነስ መኪና ላይ አያውሉት።

የእናቱ ምግብ። ቀልድ አይደለም፤ የ18 ዓመት ልጅ ብቻውን ሲሆን መጀመሪያ የሚቀንሰው ክብደቱ ነው። ሆኖም ሲንግል-ኤ ቢጫወት ግማሹን ጊዜ ሌላ ከተማ ነው። እቤቱ ሲሆንም ቅዳሜ ማታ ጨዋታ አለ። ፍሎሪዳ ላይ በቀን የሚበላው በባለሙያ ይታያል። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ተነጋገሩበት። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ከስፕሪንግ ትሬኒንግ ጋር ይገጥማል። ልጁ የሚጾም ከሆነ ተደብቆ አይጹም። ለክለቡ የምግብ ባለሙያ አስቀድሞ ይንገር፣ ከንስሐ አባቱም ጋር ይማከር። ተደብቆ ጾሞ በፀሐይ ልምምድ ላይ መውደቅ ይመጣል። ይህን የምለው አሰልጣኝ ሆኜ ነው፤ የሃይማኖቱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ።

ታዲያ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ኤፕሪል ላይ ሲንግል-ኤ መክፈት ነው። ለልጅዎ አልመክርም፤ ስላይደሩ እስካልተፈታ ድረስ ስድስት ወር የሚፈጅ ቅጣት ነው። ሁለተኛው ክለቡ ያለው ነው፤ ኤፕሪልን ልምምድ ላይ፣ ከሜይ እስከ ጁላይ ኮምፕሌክስ ሊግ ተጫውቶ፣ ጁላይ መጨረሻ ሊጉ ሲያልቅ ሲንግል-ኤ ገብቶ እስከ ሴፕቴምበር መጫወት። ሦስተኛው ፍሎሪዳ ጀምሮ ቶሎ ከተሻሻለ የሊጉን መጨረሻ ሳይጠብቅ ጁን ላይ መውጣት ነው። ምክሬ ሁለተኛውን በሙሉ ልብ መቀበል፣ ሦስተኛውን ደግሞ በር ክፍት ማድረግ ነው።

ሊጠየቅ የሚገባውን ነገር ቆይቼ እላለሁ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። እዚያ በሳምንት ስንት ቀን ሾርትስቶፕ ይጫወታል? ሲንግል-ኤ ላይ ከእሱ በፊት ያለው ሾርትስቶፕ ማን ነው? ይህ ሁለተኛው ከምንም ይበልጣል። እዚያ ክለቡ ብዙ ያፈሰሰበት ሌላ ሾርትስቶፕ ካለ፣ ልጅዎ ሲንግል-ኤ ቢገባም ሁለት ቀን ሁለተኛ ቤዝ፣ ሁለት ቀን አግዳሚ ወንበር ነው። ቀጥሎ፦ ለመውጣት ምን ማሳየት አለበት? መልሱ «ጥሩ ከተጫወተ» ከሆነ በትሕትና ዝርዝር ይጠየቅ። «ከዞኑ የወጣውን ስላይደር መተው፣ ፈጣን ኳስ ላይ አለመዘግየት፣ ወደ ግራ ሲሄድ እግሩን ማስተካከል» ዓይነት መልስ መምጣት አለበት። ጥሩ ክለብ ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ አለው።

ጥያቄዎቹን የሚጠይቀው ግን እርስዎ አይደሉም። ልጁ ነው። አባት ደውሎ ስለ ልጁ ሲከራከር ክለቡ ውስጥ ያለው ሰው ልጁን ገና ልጅ አድርጎ ይመዘግበዋል። ባህላችን አባት ይቀድማል፣ አውቃለሁ። እዚህ ግን ልጁ ሠራተኛ ነው። ቁጭ ብላችሁ ጥያቄዎቹን አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ የተጫዋቾች ልማት ኃላፊውን ወይም የመምቻ አሰልጣኙን ራሱ ያናግር። ኤጀንቱ መጀመሪያ ዝም ይበል፤ ጊዜው ሲደርስ ያስፈልጋል።

ኮምፕሌክሱ ላይ ውጤቱን በስልክ አይከታተሉ። በመጀመሪያው ወር ከመቶ 20 ቢመታ አይደንግጡ፣ 35 ቢመታም አይኩራሩ። የሚቆጠረው ሌላ ነው። ስንት መጥፎ ኳስ ተወ፣ ስንት ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ፣ ኳሷ ከባቱ ስትነሳ ምን ያህል ፍጥነት አላት። በየሳምንቱ ሲደውል «ስንት መታህ?» ሳይሆን «ስላይደሩ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ማታ ማታ ድምፁ ከተቀየረ፣ መብላት ካቆመ ወይም እንቅልፍ አጣሁ ካለ ግን ሳምንት አይጠብቁ። ክለቦች የሥነ ልቦና ባለሙያ አላቸው፤ ማናገሩ ድክመት ተብሎ አይጻፍበትም። ያ ካልበቃ አውሮፕላን ተሳፍረው ይሂዱ።

ኤጀንቱን የምንጠራበት ሁኔታ አንድ ነው። ጁን መጨረሻ ደርሶ፣ ልጁ ስላይደር መተው ጀምሮ፣ በየቀኑ ሾርትስቶፕ ተጫውቶ፣ የተባለውን ሁሉ አሳይቶ፣ ክለቡ ግን «ቀጣይ ዓመት እናያለን» ካለ። ያኔ ኤጀንቱ ደውሎ ጁላይ መጨረሻ ላይ ሲንግል-ኤ የማይገባበትን ምክንያት በግልጽ ይጠይቅ። ክለቦች በአሜሪካ ውስጥ በአጠቃላይ ከ165 በላይ የማይነር ሊግ ተጫዋች መያዝ ስለማይችሉ አንዳንዴ ጉዳዩ ቦታ ማጣት ይሆናል፤ ቦታ ማጣት ደግሞ በንግግር ይፈታል። ከዚያ በፊት ግን ስልኩን አያንሱ። ልጁ ሻንጣውን ለፍሎሪዳ ያዘጋጅ። እናቱም ቅዳሜ ልትሄድ ያሰበችውን መንገድ ለኦገስት ትያዘው።